ስለ አርዌ የሚነገረው ታሪክ ስለ ምን ተለያየ?

በነቀምት፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዕለት፥ ከቅዳሴ በኋላ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ ከመጡ ምእመናን ጋር ስለ ዘንዶው ሥዕል ስንነጋገር ነገሩ ወደ አርዌ ደረሰ። አንድ ወጣትም፦ «አባታችን፥ ስለ አርዌ የሚነገረን ርስ በርሱ አይስማማም፤ ታዲያ ሁሉም ሐሰት አይደለምን?» አለን። ይህ ጥያቄ በተግሣጽ ሳይሆን በትዕግሥት ሊመለስ ይገባዋል።

አርዌ የተባለው ዘንዶ በኢትዮጵያ 400 ዓመት እንደ ነገሠ፥ ሕዝቡም ይገብርለት እንደ ነበር ይተረካል። አንዱ ወገን፥ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላ ፍየል ሰጥቶ ገደለውና ነገሠ ይላል። ሁለተኛው ድሉን ለተስዓቱ ቅዱሳን ጸሎት ይሰጣል። ሦስተኛው፥ ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. በትግረ ቋንቋ ያሳተመው፥ ለዘንዶው የታሰረችውን እትዬ አዜብን ቅዱሳን አዳኗት፤ ነገር ግን ደሙ ነጥቦባት ተረከዟ እንደ አህያ ተረከዝ ሆነ፥ ለመፈወስም ወደ ሰሎሞን ሄደች ይላል።

ዘመኑን ስንመረምር፥ ሰሎሞን የነገሠው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ተስዓቱ ቅዱሳን ወደ አክሱም የመጡት ከልደት በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በመካከሉ ከ1400 ዓመት የሚበልጥ ዘመን አለ። ስለዚህ ሦስቱ ትረካዎች እንደ ዜና መዋዕል በአንድነት ሊጸኑ አይችሉም። ይህንንም ከምእመናን ልንሰውር አይገባንም፤ ሃይማኖታችን በአርዌ ትረካ ላይ አልተመሠረተምና።

በጽርእም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ሄስዮድ ሜዱሳን ከአስፈሪ እኅቶች አንዲቱ አድርጎ ሲወልዳት፥ ሮማዊው ኦቪድ ግን መልከ መልካም ልጃገረድ ሳለች ተደፍራ፥ ደግሞ ራሷ የተቀጣች ያደርጋታል። ተራኪ ሁሉ ልቡን ያስጨነቀውን ጥያቄ በትረካው ያኖራል። የአንጋቦ ተራኪ ክፉን የሚያሸንፈው የሰው ብልሃት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ጸሎት ነው ይላል፤ ሦስተኛው የዳነ ንጹሕ እንኳ ቍስሉን ይዞ እንደሚቀር ያስተምራል።

ነገር ግን ሁሉም በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ አርዌን ያሳደገው የሕዝቡ ግብር ነበር። በየቀኑ የሚቀልበው ባይኖር ኖሮ 400 ዓመት ባልነገሠም ነበር። ዛሬም በየከተማችን ለፍርድ ጉቦ የሚሰጥ፥ ልጁን ያለ ፈቃዷ የሚድር፥ የድኻው መሬት ሲነጠቅ አይቶ ዝም የሚል፥ እርሱ በእጁ አርዌን ይቀልባል።

ስለዚህ ለወጣቱ፦ «ልጄ፥ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ይመርምሩ፤ አንተ ግን ቀላቢው እንዳትሆን ተጠንቀቅ» አልነው። ለእኛም ከፍርሃት ግብር እንድንወጣ እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።