ለብቻ የማይጫወቱት ጨዋታ

በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ «ትንሽ ገበያ» የሚባለው የስታዲየም ተመልካቹና የቴሌቪዥን ስርጭት ገቢው አነስተኛ በሆነበት ከተማ የሚገኝ ክለብ ነው። እንዲህ ያለው ክለብ ከኒው ዮርክና ከሎስ አንጀለስ ባለጸጎች ጋር ሊፎካከር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ዘወትር በቁጥር አዋቂዎች እጅ ቢቆይም፣ ሥሩ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ መፎካከር ይቻላል ማለትና ፉክክሩ ፍትሐዊ ነው ማለት አንድ አይደሉምና።

ይቻላል የሚሉ ወገኖች አስቀድመው የሚጠሩት ኦክላንድ አትሌቲክስን ነው። ይህ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2002 ለተጫዋቾቹ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ 103 ጨዋታዎችን ሲያሸንፍ፣ የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል የከፈለው ኒው ዮርክ ያንኪስም ያሸነፈው 103 ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቢሊ ቢን ሌሎች የናቁትን ችሎታ በርካሽ ይገዛ ነበር፤ በተለይም ኳሱን በመምታትም ሆነ መጥፎ ውርወራን በትዕግሥት በማሳለፍ ወደ ቤዝ፣ ማለትም ሯጩ ወደሚደርስበት የሜዳ ማዕዘን፣ ደጋግሞ የሚደርስን ተጫዋች ይመርጥ ነበር። ብልሃት ግን ራሱ ይገዛል፤ የዚህ ዓይነቱ ስሌት ፈር ቀዳጅ የሆነውን ቢል ጄምስን በዚያው ዓመት የቀጠረው ባለጸጋው ቦስተን ሬድ ሶክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ዋንጫውን ወሰደ።

ፈላስፋው ሮበርት ኖዚክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ተመልካቾች የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ዊልት ቻምበርሊንን ለማየት በፈቃዳቸው እያንዳንዳቸው 25 ሳንቲም ቢከፍሉና እርሱ ቢበለጽግ፣ ከነጻ ፈቃድ የመነጨ ልዩነት በደል ሊባል እንደማይችል ይሞግታል። ሙግቱ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም አንድ ሰው ተረስቶበታል፤ እርሱም ቻምበርሊንን የሚገጥመው ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዋልተር ኒል እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳመለከተው፣ የቡጢ ሻምፒዮን ገቢ የሚያገኘው ብርቱ ተጋጣሚ ሲኖረው ነውና፣ በስፖርት ተፎካካሪውን ያጠፋ ሰው የራሱን ገበያ ያጠፋል። ስለዚህ ያንኪስ የሚሸጠው ትርዒት ግማሹ የእንግዳው ቡድን ሥራ ነው፤ ክለቦች ከአካባቢ ገቢያቸው 48 በመቶውን ወደ አንድ ቋት አግብተው እኩል የሚካፈሉበት ደንብም ምጽዋት ሳይሆን የተጋጣሚን ድርሻ መመለስ ነው።

ከዚህ ተነስቶ የደመወዝ ጣሪያ ይበጅ የሚለው ሐሳብ ግን ሸክሙን በተሳሳተ ትከሻ ላይ ይጭናል። ተጫዋቹን ውሉ ካበቃ በኋላም ለክለቡ አስሮ ያቆይ የነበረው አንቀጽ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ለሚዛናዊ ፉክክር አስፈላጊ ነው እያሉ የክለብ ባለቤቶች ሲሟገቱለት፣ ያንኪስ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1953 አምስት ዋንጫዎችን በተከታታይ አንሥቷል፤ ሠራተኛው ታሰረ፣ ሚዛኑ ግን አልተስተካከለም። ፈላስፋው ጆን ሮልስ ባስተማረው «የአለማወቅ መጋረጃ»፣ ማለትም ሰው በየትኛው ከተማና በየትኛው ዕጣ እንደሚወለድ ሳያውቅ ሕግ ቢያወጣ ምን ይመርጥ ነበር በሚለው መመዘኛ ቢታይ፣ ማንም በትንሽ ገበያ የሚገኘው የሚልዋኪ ክለብ ደጋፊ ወይም ደመወዙ የታፈነበት ወጣት ተጫዋች ሆኖ ሊገኝ ይችላልና፣ ሁለቱንም የሚጠብቅ ሕግ ይመረጥ ነበር። ያ ሕግ ባለጸጋውን እንዲያካፍል፣ ተቀባዩንም የተካፈለውን ለቡድኑ እንዲያውል የሚያስገድድ መሆን አለበት፤ ቋቱን ተቀብሎ ደካማ ቡድን የሚያሰልፍ ባለቤት ደጋፊዎቹን የሚበድለው ከማንኛውም ባለጸጋ ባልተናነሰ ነውና።

ሚልዋኪ ብሩወርስ እ.ኤ.አ. በ2025 መደበኛ ውድድር ከ30ዎቹ ክለቦች ሁሉ በላይ 97 ጨዋታ አሸንፎ፣ ለዋንጫው ፍጻሜ ለመድረስ በተደረገው ግጥሚያ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 4 ለ 0 ተረትቷል። ትንሹ ክለብ መፎካከር እንደሚችል ለማሳየት ይህ ይበቃል፤ ፉክክሩ ፍትሐዊ መሆኑን ግን አያሳይም። ገቢ የሚካፈሉበትን ደንብ የሚወስነው፣ የክለቦቹ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር የተስማሙበት ውል የሚያበቃው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው።