ዕድል የቱን ጠጠር አንቀሳቀሰ?

ታናሽ ወንድሜ ሰመራ ላይ በተደረገ የቼዝ ውድድር በ200 የደረጃ ነጥብ የሚበልጠውን ሰው አሸነፈ። ዳኛው ውጤቱን መዝግቦ «ዛሬ ዕድልህ ነው፣ አትታበይ» አለው። ስንመለስ ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽ አርባን አለፍን፤ ልጁ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ ቼዝ አልነካም። እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ዳይስ በማይጣልበት፣ ካርታ በማይበወዝበት ጨዋታ ዕድል በየት በኩል ገባ?

አዋሽ ሰባት ኪሎ ቼዝ ያስተማረን ሰው «በነጥብ የሚበልጥህ ሁልጊዜ ይበልጥሃል» ይለን ነበር። ሐሰት መሆኑ አያከራክርም። የደረጃ ነጥቡን ቀመር ያወጣው የፊዚክስ መምህሩ አርፓድ ኤሎ እንዲህ አላለም፤ በእሱ ስሌት 200 ነጥብ የሚያንሰው ተጫዋች ከ100 ጨዋታ 24 ነጥብ ያህል ይጠበቅለታል። አስተማሪያችን ይህን ለምን ደበቀን? በዚያ ሙቀት፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው በቆመበት ክፍል፣ ስንቱ ልጅ ገና ሳይቀመጥ እጁን ሰጠ!

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ቁጥሩ ስለ ብዙ ጨዋታ እንጂ ስለ አንዱ አይናገርም ብዬ ዳኛውን ብረታው፣ ያ አንድ ጨዋታም ስለ ወንድሜ ምንም አይናገርም ማለት ነው። ድሉን ከዕድል እጅ ላወጣ ስታገል መልሼ ለዕድል አስረከብኩት።

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ኳታር ላይ ባለ 2512 ነጥቡ ካዛኪስታናዊ አሊሸር ሱሌይሜኖቭ ባለ 2839ኙን ማግኑስ ካርልሰንን ረታ። በቀመሩ ከ100 ጨዋታ 13 ነጥብ ገደማ ነበር የሚጠበቅለት። ካርልሰን የባላጋራው የእጅ ሰዓት ሐሳቡን እንደበተነው ጻፈ፤ ሆኖም አጭበርብሯል እንደማይል፣ ድሉም እንደሚገባው አልሸሸገም። የዓለም አንደኛው ያልነፈገውን የእኛ ዳኛ ነፈገ። ይህ ያስቆጣኛል፤ የሚቆረቁረኝን ግን አይመልስም።

ስለዚህ ወደ ሰሌዳው ተመለስኩ። ወታደሩን ይበላል ብለን ስንጠብቅ ወንድሜ ፈረሱን ወደ ኋላ ስቦ የንጉሡን መውጫ ዘጋ። ሰውየው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆየ። ቀድሞ መሳሳቱን አልክድም፤ ስሕተቱ የእሱ ነው። ስሕተቱን አይቶ የቀጣው ግን ማን ነው? በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ከዳር የቆመው ሁሉ እየጮኸ ይመክር ስለነበር ድሉ የማን እንደሆነ ያጠራጥር ይሆናል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን የሚተነፍስ አልነበረም።

ወንድሜ ከሰውየው ይበልጣል አልልም። ነገ ቢገናኙ ምናልባት ይሸነፋል፤ አንድ ድል ስለ አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚመሰክርም ገና አልጠራልኝም። ያን ቀን ያሸነፈው ግን እሱ ነው። አይደለም የሚል ካለ የጨዋታውን መዝገብ ይዤ ሰመራ ድረስ እሄዳለሁ፤ ዕድል ያንቀሳቀሰውን ጠጠር በጣቱ ያሳየኝ።