የማናየው ፍሬን

 

ከጎጆ ወደ ጊንጪ በመኪና የወረደ ሰው ያውቀዋል። ጎጆ ደጋ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ተሳፋሪውን የሚያተርፈው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ፍሬኑ ነው። ግን «ፍሬኑ ስለያዘልን አልሐምዱሊላህ» ብሎ የሚወርድ ስንቱ ነው?

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በሰውነትህ ውስጥም እንዲህ ያለ ፍሬን አለ። ቆዳህ፣ አንጀትህ፣ ደምህ ዘወትር ይታደሳል፤ አንዱ ሴል ለሁለት ይከፈላል። ሳይክሊን የሚባሉት ፕሮቲኖች ሴሉን «ቀጥል» ሲሉት፣ አርቢ የሚባለው ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ እንዳይከፈል ይይዘዋል። በ1979 እ.ኤ.አ. የታወቀው ፒ53 ሥራው ይበልጥ ይደንቃል። የሴሉ ዲኤንኤ ሲጎዳ ሴሉን አስቁሞ የመጠገኛ ጊዜ ይሰጠዋል። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ሴሉ እንዲሞት ያደርጋል፤ አንዱ ተበላሽቶ ሌላውን እንዳይጎዳ። በሰው ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ የፒ53 ዘረ-መል ተበላሽቶ ይገኛል። ሱብሓነላህ! አንተ ተኝተህ ሳለ ስንት ጊዜ ተጠብቀሃል? በሱረቱ ረሕማን የምናነበው ሚዛን በሰማይ ብቻ አይደለም፤ በአንዲት ሴል ውስጥም አለ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በሀገራችን ሴቶችን በብዛት ከሚያጠቁ ካንሰሮች አንዱ የማህፀን በር ካንሰር ነው። መነሻው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ከቆየ ግን አንዱ ፕሮቲኑ ፒ53ን ያስፈርሳል፣ ሌላው አርቢን ያሰናክላል። ፍሬኑ የተበጠሰበት ሴል ያለ ልክ መከፈል ይጀምራል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ዓመታት ይፈጃል። እነዚያ ዓመታት አላህ የሰጠን ፋታ ናቸው።

ፋታውን ምን አደረግንበት? የኤችፒቪ ክትባት ለልጃገረዶች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን እየተሰጠ ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ እናቶች ደግሞ የማህፀን በርን በአሴቲክ አሲድ የሚያይ ቀላል ምርመራ አለ። ካንሰር ከመሆኑ በፊት የተገኘ ለውጥ ይታከማል። ታዲያ ታናሽ እህትህ በወሬ ፈርታ ክትባቱን ስትሸሽ ዝም አትበል። እናትሽን «እማ፣ አብሬሽ ልሂድ» በያት። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ግን የአንሷር ሴቶች ሐያእ ከመጠየቅ ስላላገዳቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አወድሳቸዋለች። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት የረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነው፤ ክትባትና ምርመራም ማሰር ነው።

አንድ ነገር አደራ። የታመመችን እህት «ምን ሠርታ ነው?» አትበሉ። ቫይረሱ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የተከበረች ሚስትንም ይይዛል። ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ.) የታመሙት አላህ ጠልቷቸው አልነበረም። ክፉ ጥርጣሬያችን ስንቷን እናት ሕመሟን ደብቃ እንድትኖር አድርጓት ይሆን?

ምላሳችንም ፍሬን ይፈልጋል። ሴል ከመከፈሉ በፊት ቆሞ ይመረመራል፤ እኛስ ከመናገራችን በፊት? ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችሁ፣ ሰለዋት አብዝታችሁ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ነፍሳችሁን ተሳሰቧት።

አላህ ሆይ! የታመሙትን አሽር፣ እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ጠብቅልን፣ የማናየውን ኒዕማህን ከሚያመሰግኑት አድርገን። አሚን።

ይህን ለአንዲት እናት ወይም እህት አድርሱላት፤ ሰደቃ ነው።