ልክና አምሳያ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በቋንቋችን «ልክ» ማለት መጠንም ነው፣ እውነትም ነው። የሁለቱን ዝምድና ለማስተዋል ለድሮ የአሜሪካ መኪና ሞተሪኖ የሚፈልግን ሰው መመልከት ይበቃል።

ሼቭሮሌት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሠራቸው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሮች፣ ሞተሪኖው የሚያዞረው ቮላኖ በአንዳንዱ 153፣ በሌላው 168 ጥርስ አለው። የሁለቱ ሞተሪኖዎች መንታ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የትንሹ ቡሎኖች ጎን ለጎን ሲሰለፉ፣ የትልቁ አንዱ ቀደም፣ አንዱ ኋላ ይላል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ለሁለቱም የሚሆን ቀዳዳ ስላለ የማይስማማውም ይታሰራል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ጥርስ ከጥርስ በደንብ ሳይገናኝ ይፋተግና ደኅናውን ቮላኖ ይበላዋል። እርሱን ለመለወጥ ደግሞ ካምቢዮ መውረድ አለበት።

ታዲያ ሳይቆጥር ሳይለካ «ይገጥማል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል? «ውሸት መሆኑን አላወቅሁም» ቢል አያድነውም፤ እውነት መሆኑንም አላወቀምና። ቢገጥምለት እንኳ ዕድለኛ ይባላል እንጂ እውነተኛ አይባልም። ባይገጥም ግን ኪሳራው የሚወድቀው ባመነው ሰው ላይ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ዕቃ ብትሸጥም፣ ስለ ሰው ብትመሰክርም፣ ያልለካኸውን ልክ ነው አትበል። «ቆይ፣ ልለካ» ማለት ገበያ ያዘገይ ይሆናል፤ ስምን ግን ያቆያል።