ውበቱ የማን ነው?

ከበደሌ ተነሥቶ በያዩና በሁሩሙ በኩል ወደ መቱ የሚመጣውን፥ ከዚያም ወደ ጎሬ የሚወጣውን መንገድ ያየ ሁሉ ያመሰግነዋል። እንግዳው በአውቶቡሱ መስኮት እያየ «ማንም ያልነካው ዱር!» ይላል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በኢሉባቦር ብዙ ዘመን ያስተማርሁ ነኝና ይህን ቃል ስሰማ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ያን ዱር ብዙ እጅ ነክቶታል። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ስለዚህ ገበሬው ከሥር ያለውን ቍጥቋጦ እየመነጠረ ዋንዛውን፥ ሰሳውንና ብርብራውን ለጥላ ይተዋል፤ ከቅርንጫፉም ላይ ቀፎ ይሰቅላል። መንገደኛው የሚያደንቀው ረዥም ዛፍ፥ አንድ ሰው ምሳር ይዞ ሳለ ሳይቈርጠው ያለፈው ዛፍ ነው። መንገዱም ቢሆን ለሽርሽር የወጣ አይደለም። ከመኪና በፊት የጎሬ ነጋዴ ቡናውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ጋምቤላ ያወርድ ነበር፤ ከዚያ የእንፋሎት መርከብ ተቀብሎ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወስደው ነበር።

የያዩ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በውስጡ ቡና ሳይተክሉት ራሱ በቅሎ ይገኛልና። ይህ ዘር ባሕር ማዶ ቡና ለሚጠጣውም ጭምር የሚጠቅም ሀብት ነው።

እንግዲህ የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት፥ ለልጁ ደብተርና ጫማ መግዛት ያቃተው አባት «ደኑን መንጥሬ በቆሎ ልዝራ» ቢል፥ ተው ለማለት መብት ያለው ማን ነው? አንዳንዱ «ውበት የሁሉ ነው» ይላል። ቃሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ደስታውን ለሁሉ አካፍሎ ድካሙን ለአንድ ሰው የሚተው ቃል ነው። ሌላው «ባለመሬቱ እንደ ወደደ ያድርግ» ይላል። ይህም አያረካኝም፤ አንድ ጊዜ የጠፋ የቡና ዘር ተመልሶ አይገኝምና፥ ገና ያልተወለዱትም ድርሻ አላቸውና።

እኔ የምለው፥ አድናቂ ዕዳ አለበት። «አትቍረጥ» የሚል ሰው፥ ባለመቍረጡ በገበሬው ቤት የሚጎድለውን አብሮ ይሸከም፤ ቡናውንም በሚገባው ዋጋ ይግዛ። ደኑን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያደንቅ የቈየ መንገደኛ፥ አውቶቡሱ ሲቆም ማር ከምትሸጥ እናት ጋር ለጥቂት ብር ሲጨቃጨቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ገንዘብ የሌለው መንገደኛስ ምን ይክፈል?» አለኝ። «ቢያንስ ማንም ያልነካው ዱር አይበል» አልሁት። ልጁ የቡና ገበሬ ልጅ ነበርና ሣቀ።