“አንዲት ፊደል አልተለወጠችም” ማለት ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ በዚህ በጾሙ ወራት ስለ መብልና ስለ ስግደት ብዙ ታነባላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳው የገንዘብ አይደለም፣ የቃል ነው።

በአንድ ጉባኤ ሳስተምር አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ፣ “ዲያቆን፣ ብሉይ ኪዳንን አይሁድ በእጃቸው እየገለበጡ ነው ያቆዩት። ሰው ደግሞ ይሳሳታል። ታዲያ ዛሬ የምናነበው ያኔ የተጻፈው መሆኑን በምን እናውቃለን?” አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ቀኝና ግራ ሳላይ “አንዲት ፊደል አልተለወጠችም!” አልኩት። ጌታችን ስለ ሕጉ መፈጸም የተናገረውን (ማቴ. 5፥18) ስለ ገልባጮች እጅ የተናገረ አስመስዬም ጠቀስኩለት። እልል ተባለ። ልጁ ተቀመጠ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቅጥሩ ውጪ ብቻዬን አገኘኝና፣ “ያልከው እውነት አይደለም፤ አንብቤዋለሁ። በዚህ ከዋሸኸን በሌላውስ?” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከጉባኤ ቀረ።

ምን አንብቦ ነው? እኔም ዘግይቼ አነበብኩት፤ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ገደማ በሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን በሚባለው ቦታ፣ እረኞች ዋሻ ውስጥ ገብተው በሸክላ ማሰሮ የተቀመጠ ጥቅል ብራና አገኙ። ፍለጋው ቀጥሎ እስከ 1956 ድረስ በ11 ዋሻዎች ከ900 የማያንሱ መጻሕፍት ተገኙ፤ አብዛኞቹ ቁርጥራጭ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ትንቢተ ኢሳይያስ ነው። 17 ብራና ተሰፍቶ የተቀጠለ፣ 54 ዓምድ ያለው፣ ርዝመቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ፣ ከጌታችን ልደት ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተጻፈ ነው። ከዚያ በፊት ሊቃውንት ሙሉውን የዕብራይስጥ ብሉይ ኪዳን የሚያውቁት ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ከሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1008 ዓ.ም. ገደማ ከተጻፈው መጽሐፍ ነበር። በሁለቱ መካከል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አለ። አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት እጅ፣ ስንት የደከመ ዓይን፣ ስንት የሚጨስ መብራት አልፎበታል!

ሲያስተያዩት ያው ኢሳይያስ ሆኖ ተገኘ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያው ትንቢት፣ ያው ቅደም ተከተል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሊያስደስተንም ይገባል። ነገር ግን የፊደል አጣጣፉ በብዙ ቦታ ይለያል፤ አልፎ አልፎም ቃል ይለያል። ለምሳሌ ስለ ሕማማቱ በምናነበው በምዕራፍ 53 ቁጥር 11 ላይ በኋለኛው ዕብራይስጥ የሌለ “ብርሃን” የሚል ቃል በቁምራኑ አለ፤ በግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉምም አለ። ስለዚህ “አንዲት ፊደል” ማለቴ ሐሰት ነበር።

ከሁሉ ልቤን የነካው ምዕራፍ 40 ነው። ቁጥር 7 እና 8 ስለ ሣር መድረቅና ስለ አበባ መርገፍ ይናገራሉ፤ ሁለቱም የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ቃል ነው። የቁምራኑ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ጽፎ በቀጥታ የሁለተኛውን መጨረሻ አስከተለ፤ መካከሉ ቀረ። በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ የጎደለውን በመስመሩ በላይና በኅዳጉ ላይ አጠጋግቶ ጻፈ። (ግሪኩም ያንን መካከል አይጽፈውምና የጸሐፊው ዓይን ሳይሆን የተገለበጠበት መጽሐፍ ነው አጭር የነበረው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።) የቱም ቢሆን ቦታውን አስተውሉ፤ የአምላካችን ቃል ለዘላለም ጸንቶ እንደሚኖር የሚመሰክረው ራሱ ቃል የእርማት ምልክት ተሸክሟል።

ትንቢተ ኤርምያስ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በግሪኩ ከዕብራይስጡ አንድ ስምንተኛ ያህል ያጥራል። ድሮ ተርጓሚው የቆረጠው የሚመስላቸው ነበሩ። በቁምራን ግን ረጅሙም አጭሩም፣ ሁለቱም በዕብራይስጥ ተገኙ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሁለቱም ይነበቡ ነበር ማለት ነው። የእኛ የግእዝ ብሉይ በመሠረቱ ከግሪኩ የተመለሰ ስለሆነ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ምላሴ ለሌላም ሊሮጥ ይፈልጋል። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተርፎ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ በዚያው በቁምራን በአራማይክ ቁርጥራጩ ተገኝቷል፤ ኩፋሌም በዕብራይስጥ ተገኝቷል። ስሰማ ልዘል ምንም አልቀረኝም! ግን ሊቃውንት የሄኖክ ምሳሌዎች የሚሉት ክፍል በዚያ አልተገኘም። የመጀመሪያውን የሚናገር ሁለተኛውንም አብሮ መናገር አለበት።

ታዲያ ገልባጮቹን አንመናቸው ማለት ነው? እንደ እኔ የለም። የምናምንበትን ምክንያት ግን አሳስተን ነበር የያዝነው።

ማሶሬታውያን የሚባሉትን አይሁድ ሊቃውንት እንመልከት። ከ7ኛው እስከ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በተለይ በገሊላ ባሕር ዳር በምትገኘው በጥብርያዶስ ሠርተዋል። አናባቢና የዜማ ምልክት የጨመሩት እነርሱ ናቸው። ቁጥሩን ሁሉ ይቆጥሩ ነበር፤ ለአምስቱ የኦሪት መጻሕፍት 5,845 ቁጥር ብለው መዝግበዋል። የሚቆጥር ሰው ራሱን የማያምን ሰው ነው። “እኔ አልሳሳትም” የሚል ምን አስቆጠረው?

ይበልጥ የሚደንቀው ግን ስሕተት የመሰላቸውን ነገር አለመንካታቸው ነው። ኢሳይያስ 9፥3ን ተመልከቱ። የተጻፈው ቃል ሲነበብ ደስታን “አላበዛህም” ይላል፤ ምሥጢሩ ግን “ለእርሱ አበዛህ” ቢባል ነው የሚስማማው። ሁለቱ በዕብራይስጥ ድምፃቸው አንድ ሲሆን የሚለዩት በአንዲት ፊደል ነው። ምን አደረጉ? የተጻፈውን ሳይፍቁ ተዉት፤ በኅዳጉ ላይ “እንዲህ ይነበብ” ብለው ጻፉ። አስተካክለው ቢጽፉት ማን ያውቅባቸው ነበር? ማንም!

በታልሙድም ዮሴፍ የሚባል መምህር ይታወሳል። የኦሪት መካከለኛ ፊደል ከግማሹ ወዲህ ነው ወዲያ የሚል ጥያቄ ተነሣና፣ መጽሐፉ ይምጣና እንቁጠር ተባለ። የተሰጠው መልስ የቀደሙት አባቶች የፊደሉን ሙላትና ጉድለት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፣ እኛ ግን አናውቅም የሚል ነው። ይህን በገዛ መጽሐፋቸው ጽፈው ለልጆቻቸው አስተላለፉት። እኔ ደግሞ ቆጥሬ የማላውቀውን ለጉባኤ ማልኩ።

ፍሬው በዓይን ታይቷል። በሙት ባሕር ዳር በዓይን ጋዲ በተቃጠለ ምኩራብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 ከሰል የሆነ ጥቅል ተገኝቶ ነበር፤ ቢነካ ይፈርሳል። ከ45 ዓመት በኋላ ሳይከፍቱት በራጅና በኮምፒውተር አነበቡት። የኦሪት ዘሌዋውያን መጀመሪያ ሆነ። የተነበበው ክፍል በፊደሉ ከማሶሬታውያኑ ጋር አንድ ነው፤ ዕድሜው ግን ከእነርሱ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ይህን ለልጁ ብነግረው ምን ጎደለኝ? እውነቱ ራሱ ይበቃ ነበርኮ።

ኢዮብ ወዳጆቹን የወቀሳቸው እግዚአብሔርን ስለ ካዱ አይደለም። ጠበቃ ሆነውለት እውነት ባልሆነ ነገር ስለ ተሟገቱለት ነው (ኢዮ. 13፥7)። ሥጋና ወተት ስንተው ይህን ዓይነቱን ውሸት ግን በጾምም እንበላዋለን፤ ቅባት የለውም ብለን ይሆን?

ለልጁ ይዤለት የሄድኩት ጾመ ድጓዬን ነው። ተማሪ ሳለሁ በእጄ የገለበጥኩት። አንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር በአንድ ቃል ስለሚያልቅ ዓይኔ ዘሎ አንዱን አስቀርቶታል። የኔታ ሳስደምጣቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ “ተመለስ፣ ዘለልክ” አሉኝ። ገጹን ቀድጄ እንደ አዲስ ልጽፍ ስል ከለከሉኝና በኅዳጉ ላይ ትንሽ መስቀል አስደርገው የጎደለውን አስጻፉኝ። አፍሬበት ብዙ ዓመት ያንን ገጽ ለሰው አላሳይም ነበር።

ልጁ ገጹን ብዙ አየው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ወደ ጉባኤ ገና አልተመለሰም። ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ “የኤርምያስ ረጅሙና አጭሩ ሁለቱም ከነበሩ የትኛውን ነው ኤርምያስ የጻፈው?” አለኝ። “አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ” አልኩት።