ተሰበረብኝ

አማርኛ ለአንድ የተሰበረ ዕቃ ሦስት ዓይነት አነጋገር አለው። «ሰበርኩት» ካልክ ጥፋቱን ወስደሃል። «ተሰበረ» ካልክ ከነገሩ ወጥተሃል፤ ዕቃው በራሱ ጊዜ ነው የሄደው። በሁለቱ መሀል «ተሰበረብኝ» አለ። እጄ ላይ ነበር፣ ጉዳቱ እኔንም ይነካኛል፣ ግን ፈልጌ አይደለም፤ ምናልባት ጥፋቴም ላይሆን ይችላል። ብርጭቆ የጣለ ልጅ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመርጥ እናቶች በደንብ ያዳምጣሉ።

ስለዚች «ብኝ» እንዳስብ ያደረገኝ ፖርሴሊን ነው። አጎቴ ቡሬ አካባቢ የሚያርሱ፣ በርበሬና በቆሎም የሚነግዱ ሰው ናቸው። ፍኖተ ሰላም ያለውን የድሮ ቤታቸውን ሲያድሱ ሳሎኑን 60 በ120 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፖርሴሊን አስነጠፉ። ሙያተኛው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሥራውን አዲስ አበባ ለምዶ የተመለሰ ልጅ ነው፤ ክፍያው በካሬ። ሥራው ሲያልቅ ሦስት ፖርሴሊን ተሰብሯል። አጎቴ የሦስቱን ዋጋ ከልጁ ሒሳብ ሊቀንሱ አሰቡ፤ ያ ለልጁ የሁለት ቀን ድካም ነው። እኔ የተጠራሁት ለሽምግልና ነው፣ «አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ?» ተብዬ። የምሠራው ሶፍትዌር መሆኑን ለዘመድ ማስረዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ ግን ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። በእጅ የሚሠራው የሴራሚክ መቁረጫ ስሙ መቁረጫ ይሁን እንጂ አይቆርጥም። ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራች ትንሽ ጎማ አለች። ጎማዋ ፊቱን ትጭረዋለች፣ ያውም አንዴ ብቻ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት። ከዚያ እጀታውን ተጭነህ በጭረቱ ላይ ትሰብረዋለህ። ጭረቱን ብትደግመው በጎን ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠሩና ጠርዙ ይፈረፈራል፤ ከቶም ስብራቱ ወዳልፈለግክበት ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ሰውየው የሚከፈለው ለመስበር ነው። የሚቀጣውም ለመስበር ነው።

ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ይህን ሁሉ ይችላል፤ ለስለስ ያለ ነው፣ ውሃም ይጠጣል። ፖርሴሊን ግን 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተተኩሶ የተጠቀጠቀ ነው፤ የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ሲቀዘቅዝ ውጪውና ውስጡ እኩል ስለማይቀዘቅዝ ውስጡ ተቆልፎ የሚቀር ውጥረት ሊኖር ይችላል። ያ ውጥረት ከላይ አይታይም። ጎማዋ ስትጭረው ነው የሚነቃው።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን አርኖልድ ግሪፊዝ በ1921 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ እንደ ብርጭቆ ያለ ደረቅ ነገር የሚሰበረው ቁሱ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ስላለበት ነው። ስዊድናዊው ቫሎዲ ዌይቡል በ1939 ደግሞ የእንዲህ ዓይነት ቁስ ጥንካሬ አንድ ቁጥር ሊሆን እንደማይችል፣ የዕድል ሥርጭት መሆኑን በሒሳብ አስቀመጠ። ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ መንታ የሚመስሉ ሁለት ፖርሴሊኖች በአንድ እጅና በአንድ ግፊት አንዱ ቀጥ ብሎ ይከፈላል፣ ሌላው እንደ መብረቅ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ዌይቡልን የተማርኩት ለፈተና ነበር። አጎቴ ሳሎን ውስጥ ሰው ላይ ሲፈርድ አየሁት።

የቤቱም ነገር አለ። የድሮ የጭቃ ቤት ነው፤ ባሕር ዛፉ ሲደርቅ ጠምዞ ግድግዳው ስኳድራ አይገባም። በአንዱ ጥግ 4 ሴንቲ የሚተርፈው በሌላው ጥግ ከ6 በላይ ይሆናል። 120 ሴንቲ ርዝመት ያለው ቀጭን ቁራጭ ማውጣት ደግሞ የዚህ መሣሪያ ትልቁ ፈተና ነው፤ ስትጫነው ሁለቱ ጎኖች እኩል አይታጠፉም፣ ስብራቱ ወደ ቀጭኑ ይሸሻል። እንዲህ ያለውን በግራይንደር መሥራት ይሻላል። መብራት ካለ። የእኛ አገር መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። (ግራይንደሩ በደረቁ ሲሠራ የሚያቦነው የሲሊካ አቧራ ሳንባ የሚያጠፋ ነው፤ ልጁ አፉን የሚሸፍነው በሻርፕ ነበር። ይኼን በሒሳቡ ውስጥ ማንም አላነሳውም።) በዚያ ላይ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። አንድ ፖርሴሊን ሲሰበር ተመሳሳይ ቀለም ያለውን ከባሕር ዳር እስኪያመጡ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የአጎቴ ንዴት የስስት አይደለም፤ ኪሳራው እውነተኛ ነው።

ታዲያ ኪሳራው የማን ነው? በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል የሚባሉ ፈላስፎች በ1976 (እ.ኤ.አ.) «የሥነ ምግባር ዕድል» ሊባል በሚችል ሐሳብ ላይ ተያይዘው ጽፈው ነበር። የዊሊያምስ ምሳሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ያለ ምንም ጥፋቱ ሕፃን ይገጭበታል። ሁላችንም እናጽናናዋለን፣ «አንተ ምን ታደርግ» እንለዋለን። ነገር ግን ወዲያው ተጽናንቶ ምሳውን ቢበላ ያስደነግጠናል። የሹፌሩ ሐዘን ከተመልካቹ ሐዘን ይለያል፤ ጥፋተኛ አይደለም፣ ባዳም አይደለም። ዊሊያምስ ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ፈጅቶበታል። «ተገጨበት» የምትለዋ ቃላችን ብዙውን ትሸከማለች።

ችግሩ ይኼ ስሜት ለክፍያ መዋሉ ነው። ጥሩ ሙያተኛ የተሰበረው ሁሉ ያመዋል፤ እኛ ሕመሙን አይተን እንደ እምነት ቃል እንቆጥርበታለን። «ራሱም አምኗል» ይባላል። አላመነም። አዝኗል።

አጎቴ ግን ቀላል ተከራካሪ አይደሉም። «ካልከፈለ ለምን ይጠነቀቃል?» አሉኝ በመጀመሪያ። ይህን መመለስ አይከብድም፤ ልጁ የሚከፈለው በካሬ ነው፣ በስብራት የሚያጠፋው ጊዜ የራሱ ነው፣ ስሙም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው የሚዞረው። ሁለተኛው ከበደኝ። «እኔ ጤፌን በረዶ ቢመታብኝ ማን ይከፍለኛል? ገበሬ የራሱን ዕጣ ይሸከማል፤ እሱስ?» አሉ። «ቢመታብኝ» ሲሉ እሳቸውም በ«ብኝ» ነው የሚናገሩት። ገበሬ ሆኖ የኖረ ሰው ሌላውን «ዕድልህን ተሸከም» ሲለው ጭካኔ አይደለም፤ ራሱ የኖረበት ሕግ ነው።

ግን እዚያው ገጠር ሌላ ሕግም አለ፤ የእኩል እርሻ። መሬት ያለው መሬቱን፣ በሬ ያለው ጉልበቱን ያመጣል፤ ያፈራውን ይካፈላሉ። በረዶ ከመታው መሬቱን የሰጠው ሰው አራሹን «ድርሻዬን ከቤትህ አምጣ» አይለውም። ሁለቱም ያጣሉ። ይህን ሳነሳባቸው አጎቴ ዝም አሉ፣ ከዚያ «እሱ እኮ ምርቱን አይካፈለኝም፤ ቤቱ የኔ ነው» አሉ። ትክክል ናቸው። እንግዲያው ሙሉ ትርፉ የእሳቸው ከሆነ የበረዶው ድርሻስ ለምን ወደ ልጁ ይሄዳል? ውብ ሳሎን ቢወጣ ልጁ ጭማሪ አያገኝም።

ሕጉ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ መቁረጥን ይገድባል፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልኖረ አይቻልም፣ ቢቻልም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። በካሬ የሚሠራ ልጅ ግን በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ስለሚባል ከዚህ ጥላ ውጭ ነው።

በእኛ ሙያ ሲስተም ሲወድቅ «ማን ነው?» ሳይሆን «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መመርመር እንደ ወግ ተይዟል። ኩራታችን ነው። ግን ይህን ለአጎቴ መንገር አሳፈረኝ። እኛ የተበላሸውን ወደ ትናንቱ ሥሪት እንመልሰዋለን፤ ደመወዛችንም ወሩ ሲያልቅ ይገባል። ይቅር ባይነታችን በከፊል የርካሽነቱ ውጤት ነው።

በመጨረሻ ልጁን ራሱን ጠየቅነው። ቁርጥራጮቹን ደርድሮ አሳየን። «ሁለቱ ተሰበሩብኝ፣ ጋሼ። ይቺን ግን ጭረቱን ደገምኩባት፤ ሰበርኳት» አለ። አጎቴ የሁለቱን ትተው የአንዷን ቀነሱ፣ ጉዳዩም በሰላም አለቀ። ሁሉም ደስ ብሎት ቡና ተጠጣ። እኔን ግን አልተዋጠልኝም። ሦስቱንም «ተሰበሩብኝ» ቢል ማንም መለየት አይችልም ነበር፤ እኔም ጭምር። የከፈለው ለስብራቱ ነው ወይስ ለእውነቱ? ያቺን አንዷንም ቢሆን እኩል ቢካፈሏት እመርጥ ነበር። ይህን ስናገር አጎቴ «ጥፋቱን ያመነ ሰው ሲከፍል ክብሩ ነው፣ አትንካበት» አሉኝ፤ ልጁም ከእሳቸው ጋር ነበር።

አሁን ቡሬ ያለውን ቤት ሊያስነጥፉ ነው፤ ያው ልጅ ነው የተጠራው። ከካርቶኑ ከመቶ አሥሩ ለስብራት ተብሎ ቀድሞ ተይዟል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ይነጋገራሉ። የመቁረጫዋን አዲስ ጎማ ማን ይግዛ በሚለው ላይ ግን እስከ ትናንት አልተስማሙም።